ጥርሱን የሚያፋጭ ፈረስ አፉን አትጠፍሩት!

«ዛሬ ስለ ኳስ አላወራም» ብዬ ብጀምር ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ውጤት እንደምትሮጡ አውቃለሁ። ስለዚህ በኳስ ልጀምር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲጫወት «ፈረሰኞቹ! ፈረሰኞቹ!» የሚለውን ጩኸት ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የቡና ደጋፊም ቢሆን ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሰምቶታል። እኔ ግን ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ፈረሰኛውን እንዲህ እናወድሳለን፤ ፈረሱንስ ማን ጠየቀው?

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ወዳጄ «ቁጭ ብለን ኳስ ስናይ ሆዳችን ወጣ እኮ! ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረስ ብንጋልብስ?» አለኝና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የፈረስ ግልቢያ ማሰልጠኛ ወሰደኝ። የቦታውን ስም ለጊዜው እንተወው። ለእኔ የደረሰኝ ዳማ ፈረስ ነው። መልከ መልካም፣ አንገቱ የተቀሰረ፣ ሲያዩት የሚያኮራ። በእርምጃ ስንዞር ደህና ነበር። ሶምሶማ ስንጀምር ግን ከፊት በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ቅርጭ... ቅርጭ... ቅርጭ... ልክ ባዶውን የሚዞር ወፍጮ። መጀመሪያ ኮርቻው የላላ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ከአፉ ነው። ፈረሱ ጥርሱን ያፋጫል።

አሰልጣኙን ጠራሁት። «አይዞህ፣ አመሉ ነው። ሥራ ሲጠላ እንዲህ ያደርጋል» አለኝና የፈረሱን አፍንጫ ዙሪያውን የሚያስረውን ጠፍር ሁለት ቀዳዳ ጨምሮ ጥርቅም አደረገው። ድምፁ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «ጎበዝ!» ብዬም አመሰገንኩት።

ሲመሽ ፈረሱን የተረከቡኝ እዚያ ፈረስ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ናቸው። ለብዙ ዓመታት ጋሪ ነድተዋል። ጠፍሩን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይሄን ያጠበቀው ማነው?»

«አሰልጣኙ ነው ጋሼ። ጥርሱን ሲያፋጭ ጊዜ...»

«ድምፁ ነው የጠፋው እንጂ ሕመሙ መች ጠፋ?»

ልጓሙን አወለቁ። አውራ ጣታቸውን ጥርስ በሌለበት በከንፈሩ ጥግ አስገብተው አፉን አስከፈቱት። «በል እስቲ በስልክህ አብራልኝ» አሉኝ። አበራሁ። የጉንጩ የውስጥ ሥጋ ተልጦ፣ የመንጋጋው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስሎ አየሁ። ያ ሁሉ ሰዓት እኔ ጀርባው ላይ ተቀምጬ እየሳቅኩ፣ ፈረሱ የገዛ ጥርሱ የገዛ ጉንጩን እየበላበት ነበር። ያመሰገንኩት ደግሞ አፉን የዘጋውን ሰው ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ጠቅላላ ሐሳቡ ይኼው ነው። ፈረስ ሲጋለብ ጥርሱን ካፋጨ እየተናገረ ነው። መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ መንስኤውን መፈለግ፣ ከዚያ ማከም። አፍ መጠፈር ግን ሕክምና አይባልም። በስታዲየም ቋንቋ ልንገራችሁ ካላችሁኝ፣ የተጎዳው ተጫዋች እንዳይጮህ አፉን አፍኖ ጨዋታውን ማስቀጠል ማለት ነው።

ከአፍ እስከ ጨጓራ

ይህን ካየሁ በኋላ ጉዳዩን ማጣራት ጀመርኩ። ከእንስሳት ሐኪሞች የሰማሁትም ያነበብኩትም አንድ ነገር ላይ ይገጥማል፤ ጥርስ ማፋጨት በራሱ በሽታ አይደለም፣ የሌላ ነገር ምልክት ነው። ያ ሌላ ነገር ደግሞ ከአፍ ጀምሮ እስከ ጨጓራ ሊሆን ይችላል።

ከአፍ እንጀምር። የፈረስ ጥርስ እንደ እኛ አንዴ በቅሎ የሚያበቃ አይደለም። በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እየወጣ ይሄዳል፣ በማኘክ ደግሞ ይበላል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ጥርሶቹ እኩል አይፋጩም። ስለዚህ የላይኞቹ በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል ሹል ጠርዝ ያወጣሉ። ሳር ቀኑን ሙሉ ሲግጥ የሚውል ፈረስ መንጋጋውን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ ስለሚያንቀሳቅስ ጠርዙ በመጠኑ ይሞረዳል። በረት ታስሮ ገብስና ፉርሽካ የሚበላው ግን ማኘኩ አጭር ነው፤ ጠርዙም ይሾላል። መፍትሔው ሞረድ ነው። የሠለጠነ ሐኪም በዓመት አንዴ፣ ለአንዳንዱ ፈረስም ሁለቴ ጠርዙን በሞረድ ያለሰልሰዋል። በቃ!

አሁን የጠፍሩን ጉዳይ አስቡት። ጠፍሩ ሲጠብቅ ምን ያደርጋል? ጉንጩን ወደ ውስጥ ይገፋል። ወዴት? ወደዚያው ሹል ጠርዝ። ያ አሰልጣኝ «መፍትሔ» ብሎ ያደረገው ነገር ቁስሉን ምላጩ ላይ መጫን ነበር። ድምፁ የጠፋው መንጋጋው መንቀሳቀሻ ስላጣ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት አንዳንዴ የምትበቅል ትንሽ ጥርስ አለች። የልጓሙ ብረት እሷን ከነካት ፈረሱ ይረበሻል። ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ደግሞ የወተት መንጋጋዎች እየወለቁ በቋሚ ጥርስ ይተካሉ። በዚህ ዕድሜ ለሥልጠና የሚያዝ ፈረስ ድዱ እያበጠና እያመመው ነው ልጓም የሚጎርሰው። ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ያሳደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። ብረቱ ለአፉ ጠቦት ወይም ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ዝጎ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ኮርቻውም እንደዚያው። ጫንቃው ላይ የሚቀመጥ ጠባብ ኮርቻ ጡንቻውን ይጨቁናል፣ ፈረሱ ጀርባውን ይደብቃል፣ ሕመሙንም በጥርሱ ይወጣዋል። ጫንቃና ጀርባ ላይ በሌላ ቀለም መሐል ነጭ ፀጉር ነጠብ ነጠብ ብሎ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ የድሮ የኮርቻ ቁስል ማስታወሻ ነው። የእኔ ዳማም ጫንቃው ላይ በቀኝም በግራም ነበረው። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር!

ሦስተኛው ጨጓራ ነው። የሰው ጨጓራ አሲድ የሚያመነጨው በዋናነት ምግብ ሲመጣ ነው። የፈረስ ግን ሌት ተቀን ያመነጫል። ምክንያቱም ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ሲግጥ መዋል ነው። አሲዱን የሚያረክሰው ምራቅ ደግሞ የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ባዶ በረት ያደረ፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ኮርቻ የተጫነበት ፈረስ ሲሮጥ አሲዱ ወደ ጨጓራው የላይኛው ክፍል ይረጫል። ያ ክፍል መከላከያው ደካማ ነውና ይቆስላል። በሥልጠና ላይ ካሉ የእሽቅድድም ፈረሶች አብዛኞቹ የጨጓራ ቁስለት እንደሚገኝባቸው በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ጨጓራ ያለበት ሰው ሆዱን ይዞ «አሁንስ አቃጠለኝ» ይላል፤ ፈረስ ግን የሆድ መታጠቂያው ሲጠብቅበት ጆሮውን ይጥላል፣ ጎኑን ዞሮ ለመንከስ ይቃጣል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ከዚህ ሌላ ቋንቋ የለውም።

አራተኛው ያስቀየመኝ ነው፤ ምክንያቱም እኔን ይመለከታል። የጋላቢው እጅ! ሚዛኑን ያልጠበቀ ጋላቢ እንዳይወድቅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። የሚይዘው ደግሞ ልጓሙን ነው። ልጓሙ የታሰረው ከብረቱ ጋር፣ ብረቱ ያረፈው ምላሱና ድዱ ላይ። በእግር «ሂድ» እያሉ በእጅ «ቁም» ማለትም አለ። አሰልጣኙ «አጥቁ» ሲል ረዳቱ «ተመለሱ» የሚጮህበት ቡድን ምን ይሆናል? ይጨነቃል። ፈረሱም ያው ነው።

አንድ በአንድ

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥሩ አሰልጣኝ ቡድኑ ሲበላሽበት አሥራ አንዱንም በአንድ ቀን አይቀይርም። አንድ ይቀይርና ያያል። ከፈረሱም ጋር እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ በረት ቆሞ ያፋጫል ወይ? ሳይጋለብም የሚያፋጭ ከሆነ፣ በተለይ ምግብ ከቀነሰ ወይም ከተንከባለለ፣ ጊዜ ሳይፈጁ ሐኪም መጥራት ነው። በረት ውስጥ ሰላም ከሆነ ያለ ኮርቻና ያለ ልጓም በገመድ ብቻ ይዞ ማሶምሶም። ዝም ካለ ኮርቻውን ጭኖ መድገም፤ ያኔ ከጀመረ ጥያቄው ጀርባና ሆድ ላይ ነው። አሁንም ዝም ካለ ልጓሙን ማጉረስ፤ ያኔ ከጀመረ አፉን መፈተሽ። ሰው ሲወጣበት ብቻ ከጀመረ ደግሞ ልጓሙን ላላ አድርጎ ረጅም አንገት መስጠት። ሲላላ ድምፁ ከቆመ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ችግሩ ያለው ከላይ ነው።

ይህ ሁሉ ከሐኪም ምርመራ ጋር ነው እንጂ በሐኪም ፈንታ አይደለም። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም የሌለበት አገር አይደለንም። ለጨጓራ መድኃኒት አለው፤ ግን አመጋገቡ ካልተለወጠ ቁስሉ ተመልሶ ይመጣል። በረት ውስጥ ድርቆሽ እንዳይጠፋ ማድረግና ከመጋለቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ትንሽ ድርቆሽ ማስቀመስ ትልቅ ወጪ የለውም። ሥልጠናውንም ማሳጠር፣ በየመሐሉ በላላ ልጓም ማራመድ፣ አንዳንድ ቀን ክብ ሜዳውን ትቶ ወደ ገጠር መንገድ ይዞ መውጣት ይረዳል።

«አንዳንድ ፈረስ እኮ ምንም ሳይሆን በልማድ ያፋጫል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ልክ ነው፣ አለ። ሐሳቡን ሰብስቦ ሲሠራ የሚያፋጭ፣ ሕመሙ ድኖም ልማዱ የቀረበት ፈረስ አለ። ነገር ግን «ልማድ ነው» የሚለው ቃል የምርመራው መጨረሻ ላይ የሚመጣ እንጂ መጀመሪያው ላይ የሚባል አይደለም። አፉ ታይቶ፣ ኮርቻው ተለክቶ፣ ሆዱ ተመርምሮ፣ ጋላቢው ተገምግሞ ምንም ከጠፋ ያኔ ልማድ እንበለው። ያኔም ቢሆን አፉን መጠፈር ምን ይጨምራል?

ሕጉ አለ፣ ዳኛውስ?

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ሜዳ ላይም ያው ነው። በኦሊምፒክ ድሬሳዥ የሚባል ውድድር አለ። ፈረሱ በሙዚቃ ታጅቦ የሚደንስ የሚመስልበት፣ ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡበት ነው። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ ስለ ጥርስ ማፋጨት በግልጽ ይናገራል። ምላስ ማውጣት፣ ጥርስ ማፋጨትና ጅራት ማወናጨፍ በአብዛኛው የመረበሽ፣ የመወጠር ወይም የእምቢታ ምልክቶች ናቸው፤ ዳኞችም ነጥብ ሲሰጡ ከግምት ያስገቡት ይላል። በፌዴሬሽኑ ሕግ ፈረስ ለሚያንገላታ ጋላቢ ቢጫ ካርድ ሳይቀር አለ።

ሕጉ ጥሩ ነው። ችግሩ ሕጉ ድምፁን ሲቀጣ ጋላቢው ምን እንደሚያደርግ ነው። አንዱ መንስኤውን ፈልጎ ያክማል፤ ሌላው ዳኛው እንዳይሰማ አፉን ይጠፍራል። የቱ ነው የሚቀለው? የቆየው ደንብ ጠፍሩና አፍንጫው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት የሚል ነበር። እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በአየርላንድ፣ በእንግሊዝና በቤልጅየም 750 የውድድር ፈረሶችን ለክቶ ነበር። ሁለት ጣት የሚያስገባ ጠፍር የነበራቸው 7 በመቶ ብቻ ናቸው። 44 በመቶዎቹ ላይ አንዲት ጣት እንኳ ጫፏ አልገባም! ከመቶ አርባ አራት! ጋላቢዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ተወዳዳሪዎች ናቸው። «የማን ጣት?» የሚለው ክርክር ዓመታት ከፈጀ በኋላ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ በ2025 በጣት ፈንታ መለኪያ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ። ኳሷ መስመሩን አለፈች አላለፈችም ብለን ስንጨቃጨቅ ኖረን የጎል መስመር ቴክኖሎጂ እንደመጣልን ማለት ነው። ዘገየ፤ ግን መጣ።

ምልክትን አለመስማት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ያየ አይረሳውም። እ.ኤ.አ በ2021 ነው። በዘመናዊ ፔንታትሎን ጀርመናዊቷ አኒካ ሽሎይ እየመራች ወደ ፈረስ ዝላዩ ገባች። በዚህ ውድድር ፈረሱ በዕጣ ይሰጣል፤ ከማታውቁት ፈረስ ጋር ለመተዋወቅ የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የደረሳት ሴንት ቦይ የተባለ ፈረስ ነው። ይህ ፈረስ በዚያው ቀን ከእሷ በፊት በጋለበችው ተወዳዳሪም ላይ እምቢ ብሎ ነበር። ማለት ተናግሯል! የሰማው አልነበረም። ሽሎይ ስትወጣበት አልንቀሳቀስም አለ። እሷ እያለቀሰች በአለንጋ ትመታለች፣ አሰልጣኟ ኪም ራይስነር በቡጢ መታችው፣ ዓለም በቴሌቪዥን ያያል። አሰልጣኟ ከውድድሩ ተባረረች፤ ሽሎይ ከአንደኝነት ወደ 31ኛ ወረደች። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከፓሪስ 2024 በኋላ የፈረስ ግልቢያ ከፔንታትሎን ጭራሽ ወጥቶ በመሰናክል ሩጫ ተተካ። አንድ ስፖርት ከመቶ ዓመት በላይ የያዘውን ቦታ አጣ።

ፓሪስም ሰላም አልነበረም። በለንደን 2012 እና በሪዮ 2016 የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀችው እንግሊዛዊቷ የድሬሳዥ ኮከብ ሻርሎት ዱጃርዲን ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ራሷን አገለለች። ከዓመታት በፊት በሥልጠና ላይ የፈረስ እግር ደጋግማ በአለንጋ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። ፌዴሬሽኑ ለአንድ ዓመት አግዶ 10 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ቀጣት። እኔ ሰውየዋን ለመውቀስ አይደለም ያነሳሁት፤ ቅጣቷን ተቀብላለች። ያነሳሁት እንዲህ ያለው ነገር ከአለንጋ እንደማይጀምር ለማሳየት ነው። የሚጀምረው ትንሿን ድምፅ ንቆ ከማለፍ ነው። ዛሬ ጥርሱን ሲያፋጭ ያልሰማነው ፈረስ ነገ እምቢ ይላል። ነገ እምቢ ሲል አለንጋ እናነሳለን። ከነገ ወዲያ ካሜራ ይይዘናል።

ባቲስቱታ አፍ ነበረው

የኳስ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ባቲጎልን የማያስታውስ አለ? በፊዮረንቲና ማሊያ መረብ ሲበጥስ፣ በ2001 ከሮማ ጋር የጣሊያንን ዋንጫ ሲያነሳ! ጋብርኤል ባቲስቱታ እ.ኤ.አ በ2005 ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ቁርጭምጭሚቱ እንዲህ አሠቃየው፤ ሦስት ሜትር ርቆ ያለ መጸዳጃ ቤት መሄድ አቅቶት ሐኪሙን «እግሬን ቁረጥልኝ» ብሎ እስከመለመን ደርሶ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በመርፌ እየደነዘዘ የተጫወተባቸው ጨዋታዎች ሒሳባቸውን በኋላ ጠየቁ። ሕመሙ ጠፍቶ አልነበረም፤ ድምፁ ነበር የጠፋው። አዛውንቱ ለእኔ የነገሩኝ ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ ምንድነው? ባቲስቱታ አፍ ነበረው። መርፌውን እሺም እምቢም ማለት ይችል ነበር፤ ደመወዝም ይከፈለው ነበር፤ ሐውልትም ቆሞለታል። ፈረሱ ግን ያለው ድምፅ አንድ ነው፤ እሱንም በጠፍር እንነጥቀዋለን።

የእኛስ ፈረስ?

እኛ ደግሞ በፈረስ ጉዳይ እንግዶች አይደለንም። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ያሉባት አገር ናት። መሪዎቻችንና ጀግኖቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ። የሰው ልጅ ክብሩን በፈረሱ ስም የሚጠራበት ባህል ከዚህ በላይ ምን ይገኛል? ጃንሜዳ ከኳስና ከሩጫ በፊት የፈረስ ሜዳ ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ምድር በዓሉን ያከብራል። ያን ቀን እንጅባራን ያየ ሰው ዓይኑ ሌላ ነገር አይሞላውም። ጉግሱ፣ የፈረሱ ጌጥ፣ የኮርቻው ማጌጫ፣ የፉክክሩ ወኔ!

እንግዲህ እኔ የምለው፣ ይህን ያህል ጌጥ አንገቱ ላይ ስናንጠለጥል አፉን ከፍተን ብናይለትስ? በየበዓሉ ለምርጥ ጋላቢ እንደሚጨበጨበው ሁሉ ጥርሱ ለተጠበቀ፣ ጀርባው ላልቆሰለ፣ ልጓሙ ለተስማማው ፈረስ ባለቤትም ሽልማት ቢኖርስ? ሐኪም ሞረዱን ይዞ ከውድድሩ በፊት በሰልፉ መሐል ቢያልፍስ? በክለብም፣ በማሠልጠኛም፣ በጉግስ ሜዳም ዳኝነት ላይ የሚቀመጥ ሰው «ይህ ፈረስ ያፋጫል፤ ከመጋለቡ በፊት ይታይ» ማለት ቢለምድ ከፈረሱም ከፈረሰኛውም ምን ይጎድላል? አንድ ዙር ይቀርበታል፤ በቃ። ተጫዋች ሲጎዳ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታውን ያቆም የለ?

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ልክ ብለዋል፤ ጦርነቱ የእኛ ነው። ዋንጫውም፣ ጭብጨባውም፣ ፎቶውም የእኛ ነው። ማድረስ ግን የእሱ ነው። እንዲያደርሰን የምንፈልገውን ቢያንስ «ምን ሆንክ?» ማለት አይከብድም።

ዳማውስ ምን ሆነ? አዛውንቱና እኔ ነገሩን ለባለቤቱ ነገርነው። መጀመሪያ አኮረፈ፤ በኋላ ግን ሐኪም አመጣ። ጥርሱ ተሞረደ፣ ጉንጩ እስኪድን ሦስት ሳምንት ያለ ብረት ቆየ፣ ኮርቻውም ተቀየረ። ጠዋት ጠዋት ድርቆሽ ቀምሶ ይወጣል። ጠፍሩ አሁን ሁለት ጣት ያስገባል፤ ራሴ እየለካሁ ነው የምወጣበት። አዛውንቱ ሲጋልቡት ጭጭ ነው። ጆሮው ወደፊት፣ አፉ እርጥብ፣ አንገቱ ዘና ያለ።

እኔ ስጋልበው ግን ሶምሶማው ሲፈጥን እጄ ሳይታወቀኝ ይጠብቅና... ቅርጭ! አንዴ ትመጣለች። ያኔ ልጓሙን ላላ፣ ትከሻዬን ላላ አደርጋለሁ። ድምፁም ይቆማል። ፊሽካው የተነፋው ለእኔ ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዳኛው ደግሞ ፈረሱ። ካርድ ሳይመዝብኝ እጄን እያረምኩ ነው።

ሳምንት በኳስ እንገናኝ። ቸር ይግጠመን!